ሳይረኑን ማን ይነፋዋል?

ሐዋሳ ውስጥ ሳይረን ስንሰማ ምን እናደርጋለን? መንገድ እንለቃለን። ባጃጁ ወደ ዳር ይጠጋል፣ እግረኛው ቆም ብሎ ያያል፣ አምቡላንስ ወይም የባለሥልጣን አጀብ እየከነፈ ያልፋል፣ ከዚያ ሁላችንም ወደየጉዳያችን እንመለሳለን። ሳይረን ለኛ «የሌላ ሰው ጉዳይ እያለፈ ነውና ዘወር በሉ» ማለት ነው። ለእኛው ለራሳችን፣ ለመላው ከተማ ተብሎ የጮኸ ሳይረን በዕድሜያችን ሰምተን አናውቅም።

የዛሬው ጉዳያችን ይኸው ያልሰማነው ሳይረን ነው። ረጅም ምሰሶ ላይ ተሰቅሎ፣ ጎርፍ ሲመጣ ወይም ትልቅ እሳት ሲነሳ ደጅ ያለውን ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ የሚያስጠነቅቀው ማለታችን ነው። ሐዋሳ ያስፈልጋታል ከሚሉት ወገን ነን። ሆኖም ነገ ጠዋት ተገዝቶ ቢተከልልን ደስታችን ሙሉ አይሆንም። ለምን እንደሆነ እናስረዳ።

መጀመሪያ የተቀመጥንበትን ቦታ እንወቀው። ሐዋሳ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ናት። እኛ ሜዳ የምንለው ይህ ሰፊ ቦታ ጥንት ፈንድቶ ወደ ውስጥ የሰመጠ እሳተ ገሞራ አፍ ነው። በስተሰሜን ምዕራብ የኮርቤቲ እሳተ ገሞራ አለ፤ ተመራማሪዎች በሳተላይት ሲለኩት ከ2001 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ መሬቱ ለዓመታት በየዓመቱ በሴንቲ ሜትሮች ከፍ ሲል አይተዋል። ሐይቃችን ደግሞ ወንዝ ይገባበታል እንጂ አይወጣበትም። ጥቁር ውኃ ከጨለለቃ በኩል ይዞት የሚመጣውን ይቀበላል፤ መውጫ ስለሌለው ዝናባማ ዓመታት ሲደራረቡ ከፍ ከማለት ሌላ ምርጫ የለውም። ፍቅር ሐይቅ ዳር ማታ ማታ የምንንሸራሸርበት የአፈር ግድብ ለሽርሽር ተብሎ የተሠራ አይደለም፤ የሐይቁን ውኃ ከከተማው ለመከላከል ነው። በዚህ ላይ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. የተመረቀውን የኢንዱስትሪ ፓርክ ጨምሩበት። በአንድ ፈረቃ በሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች፣ አብዛኞቹ የኛ እኩያ ሴቶች፣ በጨርቅ ክምር መካከል የሚውሉበት ቦታ ነው።

ይህን የምንለው ሰው ለማስፈራራት አይደለም። «እስከ ዛሬ ምን ደረሰብን?» የሚል ካለ ግን አንድ ነገር እናስታውሰው። አፋር ውስጥ የሚገኘው ሃይሊ ጉቢ በታሪክ መዝገብ ፈንድቶ የማያውቅ እሳተ ገሞራ ነበር። ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ፈነዳ፤ አመዱም ቀይ ባሕርን ተሻግሮ እስከ ህንድ ሰማይ ደረሰ።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። ጥር 15 ቀን 2008 ዓ.ም. ሐዋሳን የነቀነቃት የመሬት መንቀጥቀጥ መጠኑ 4.3 ነበር። በዓለም ሚዛን ትንሽ የሚባል ነው። ይህ ነው የሚባል ሕንፃ አልፈረሰም። የተጎዳው ሰው ነው፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመኝታ ፎቆቻቸው ሲሮጡ፣ ሲገፋፉና ሲዘሉ ተጎዱ። ያን ቀን ሳይረን ቢኖር ኖሮ ምን ይፈይድ ነበር? እውነቱን እንነጋገርና፣ ምንም። መንቀጥቀጡ የተነሳው እዚሁ ከእግራችን ሥር ስለሆነ ማስጠንቀቂያውና ንውጥውጡ እኩል ነው የሚደርሱት። በዚህ ረገድ ስሟ የገነነው ሜክሲኮ ሲቲ እንኳ፣ በየመንገዱ በሺዎች የሚቆጠሩ ድምፅ ማጉያዎች ሰቅላ፣ የምትጠቀመው መንቀጥቀጡ ራቅ ካለው የባሕር ዳርቻ ሲነሳ ነው፤ ያኔ አንድ ደቂቃ ገደማ ታገኛለች። እ.ኤ.አ. መስከረም 19 ቀን 2017 ግን መነሻው ቅርብ ነበር፤ ደወሉና መንቀጥቀጡ ለብዙው ሰው አንድ ላይ መጡ። የሚገርመው፣ ከተማው በሙሉ የዓመቱን ልምምድ አድርጎ ከጨረሰ ገና ሁለት ሰዓት ያህል ነበር ያለፈው። ደወሉ ባይቀድምም ሰዉ ወዴት እንደሚወጣ በዚያው ቀን ተለማምዶታል።

ይህን ከኛ ጋር አስተያዩት። በ2008ቱ መንቀጥቀጥ ላይ ማንም ሰምቶት የማያውቅ ጩኸት ቢጨመርበት ኖሮ፣ ከፎቅ የሚዘለው ተማሪ ቁጥር የሚቀንስ አይመስለንም። እንዲያውም ይብሳል። የማይታወቅ ሳይረን ራሱን የቻለ ድንጋጤ ነውና።

እንግዲህ ሳይረን የሚጠቅመው አደጋው በተነሳበትና በደረሰበት መካከል ጊዜ ሲኖር ነው። ለዚህ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገንም። ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ 1998 ዓ.ም. ድሬዳዋ ተኝታ ሳለ ደቻቱ ሞልቶ መጣ። ከ250 በላይ ሰው ሞተ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ከቤታቸው ተፈናቀሉ። ዝናቡ የጣለው ከከተማዋ በላይ ባሉት የሐረርጌ ተራሮች ላይ ነበር። ውኃው ከዚያ ተነስቶ፣ ደረቁን አሸዋ ሞልቶ ከተማው መሐል እስኪገባ የተወሰነ ጊዜ ይፈጃል። ያ ጊዜ የሰው ሕይወት የሚተርፍበት ጊዜ ነበር። ላይኛው አገር ያለው ሰው ዝናቡን ያያል፤ ታች የተኛውን የሚቀሰቅስ ግን የለም።

ጎፋንም አንረሳም። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገዜ ጎፋ ወረዳ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ መጀመሪያ የተናደው መሬት ጥቂት ቤቶችን ቀበረ። ሐምሌ 15 ጠዋት ጎረቤቱ ሁሉ ሊያወጣቸው ተሯሩጦ መጣ፤ ሁለተኛው ናዳ የመጣው ያኔ ነው። ከ200 በላይ ሰው አለቀ። ከሞቱት ብዙዎቹ ለእርዳታ የመጡ ነበሩ። እዚያ ሳይረን ተተክሎ ቢሆን የመጀመሪያውን ናዳ ያስቆም ነበር አንልም። «ኑ» ብሎ ለመጥራት ግን ኡኡታ በቂ ነበር። «ተመለሱ፣ ገና አላለቀም» የሚል፣ ሰውም የሚሰማው ድምፅ ነው የጠፋው።

አሁን የአንባቢን ጆሮ ወደ አንድ ሰው እንመልስ። ወደ ጡሩምባ ነፊው።

የእድር ጡሩምባ ማለዳ ሲነፋ፣ ገና የሟቹ ስም ሳይጠራ ቤቱ ጸጥ ይላል። አባት ከአልጋ ቀና ይላል፣ እናት «እስቲ ዝም በሉ፣ ማን ይሆን?» ትላለች። ቀጥሎ ምን እንደሚደረግ የሚጠይቅ የለም። ድንኳኑ ከየት እንደሚወጣ፣ ወንበሩን ማን እንደሚያወርድ፣ ቀብሩ ስንት ሰዓት እንደሆነ በአንድ ሰዓት ውስጥ መንደሩ ያውቀዋል። በአንዳንድ ሰፈር ሥራው ዛሬ በቴሌግራም ተተክቷል፤ ትርጉሙ ግን ያው ነው።

ይሄ ጡሩምባ በየትኛውም የአደጋ መከላከል ትምህርት ውስጥ የሚጠየቀውን ሁሉ ያሟላል። አንድ ትርጉም ብቻ አለው። የሚነፋው ሰው ይታወቃል፤ ቤቱም ይታወቃል። እንዲነፋ የሚያዘው የእድሩ ዳኛ እንጂ የፈለገ ሁሉ አይደለም። ከወር መዋጮው ላይ ለነፊው ይከፈለዋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሞት ሥራ አስፈትቶት አያውቅም፤ ጡሩምባው ቢሰነጠቅ ወይም ነፊው ቢታመም በዚያው ሳምንት ይታወቃል። በዓመት አንዴ፣ ያውም በምረቃ ቀን ብቻ የሚነፋ ጡሩምባ ያለው እድር ቢኖር ማን አባል ይሆናል?

የምንፈራው ሳይረናችን እንደዚያ እንዳይሆን ነው። የተመረቀ ቀን ሠርቶ በዓመቱ የሚቆም ነገር በዓይናችን ስንቱን አየን! የትራፊክ መብራቱ፣ የመንገድ መብራቱ፣ የገጠሩ የእጅ ፓምፕ... ሪባን ለመቁረጥ ሰው አይጠፋም፤ ብሎን ለማጥበቅ ነው የሚጠፋው።

ስለ ዕቃው ጥቂት እንበል፤ ብዙ ሰው አንዴ ከተሰቀለ የሚያበቃለት ይመስለዋልና። የድሮው ዓይነት ሳይረን በሞተር የሚሽከረከር ቀዳዳ ያለው ከበሮ ነው፤ አየሩን እየቆራረጠ ያስጮኸዋል። ጠንካራ ነው፣ ለረጅም ዘመን ያገለግላል፣ ግን ብዙ ኤሌክትሪክ ይበላል፤ መናገርም አይችልም። አዲሱ ዓይነት እንደ መስጊድና ቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያ ያለ፣ ከዚያ ግን እጅግ የበረታ ነው። በባትሪ ይሠራል፣ በሶላር ይሞላል፣ ከጩኸቱ ቀጥሎም በአማርኛ፣ በሲዳምኛ፣ በወላይትኛ መናገር ይችላል። መብራት እንደ እንግዳ ለሚመጣና ለሚሄድባት ከተማ ይህኛው ይሻላል። ችግሩ ባትሪው ነው። የሳይረን ባትሪ በአብዛኛው ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ያገለግላል፤ ሙቀት ካገኘው ቀድሞ ይደክማል። ባትሪው የሞተ ሳይረን ከታች ሲያዩት ከደህናው በምንም አይለይም። ምሰሶው ቆሟል፣ ቀንዱ ያበራል፣ ውስጡ ግን ባዶ ነው።

ሌላም አለ። ድምፁ በ30 ሜትር ርቀት 120 ዴሲቤል ነው የተባለ ሳይረን፣ ቤትና ዛፍ ባለበት ከተማ ርቀቱ በእጥፍ በጨመረ ቁጥር 10 ዴሲቤል ያህል ይቀንሳል ተብሎ ይታሰባል። አስሉት። አንድ ኪሎ ሜትር ላይ ወደ 70 ይወርዳል። ሰባ ዴሲቤል ማለት እንግዲህ መነኻሪያ አካባቢ በማንኛውም ቀን የምንሰማው ጫጫታ ነው። ስለዚህ «ታቦር ተራራ ላይ አንድ ትልቅ ሰቅለን እንገላገል» የሚል ሐሳብ ካለ ከአሁኑ ይተው። ከታቦር እስከ ቱላ ድረስ የሚሰማ ሳይረን የለም። ብዙ ትንንሾች ያስፈልጋሉ። አንዱ ቢበላሽ ደግሞ ሌላው አለ፤ ትልቁ አንድ ብቻ ከሆነ ግን ሲሞት ከተማው በሙሉ ዲዳ ይሆናል።

በክረምት ደግሞ የቆርቆሮ ጣሪያ ጉዳይ አለ። ዶፍ ሲወርድ አጠገባችን ያለው ሰው የሚናገረውን አንሰማም፤ ጎርፍ የሚመጣው ደግሞ ያኔ ነው። የውጭ ሳይረን ስሙ እንደሚለው ደጅ ላለ ሰው ነው የተሠራው። ቤት ውስጥ ለተኛው ስልኩ፣ ኤፍ ኤሙ፣ የመስጊዱና የገብርኤል ድምፅ ማጉያ፣ ከሁሉም በፊት ደግሞ በር የሚያንኳኳ ጎረቤት ያስፈልጋል። ሳይረኑ ከነዚህ ሁሉ ጋር አብሮ ካልታሰበ ብቻውን ምሰሶ ነው።

በነገራችን ላይ የሐይቅ ዳር ሳይረኖች አንድ የራሳቸው ጠላት አላቸው፤ አባ ኮዳ። ከፍ ያለ ነገር ያገኘ አባ ኮዳ ምን እንደሚያደርግ የአሞራ ገደልን ዛፎች ያየ ያውቃል። በሌላውም አገር የሳይረን ጠጋኞች ከቀንዱ ውስጥ የወፍ ጎጆ ማውጣት የዘወትር ሥራቸው ነው። ኬብል የሚቆርጡትን ባለ ሁለት እግር ወፎች ለጊዜው እንለፋቸው።

ወደ ዋናው ነገር እንምጣ፤ ወደ ሙከራው። ኔዘርላንድስ ውስጥ ሳይረኖች በየወሩ የመጀመሪያው ሰኞ እኩለ ቀን ላይ ይሞከራሉ። ፈረንሳይ ውስጥ የመጀመሪያው ረቡዕ ነው። ኦስትሪያ ውስጥ በየሳምንቱ ቅዳሜ እኩለ ቀን ነው። እዚያ ያደገ ልጅ ከሳይረኑ ድምፅ ጋር ነው የሚያድገው፤ ደንግጦ አይሮጥም፣ ሰዓቱን ነው የሚያየው። በሌላ ሰዓት ሲጮህ ግን ይነሳል።

በቅርቡ የሆነውን እንመልከት። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 4 ቀን 2025 ቴክሳስ ውስጥ የጓዳሉፔ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከር በምትባለው ካውንቲ ከ100 በላይ ሰዎችን ገደለ። ካውንቲው ሳይረን እንትከል አንትከል እያለ ለዓመታት ሲከራከርበት ኖሯል፤ በዋጋው ምክንያት አልሆነም። ከዚያው ወንዝ ወረድ ብሎ ኮምፎርት የሚባል የሁለት ሺህ ሰው ከተማ አለ። የኮምፎርት በጎ ፈቃደኛ እሳት አጥፊዎች አሮጌ ሳይረናቸውን ጠግነው፣ አንድ ሌላ ጨምረው፣ በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ ይሞክሩት ነበር። ለነዋሪው የነገሩት አንድ ነገር ነው፦ ከቀትር ውጭ ከሰማችሁት ምን እንደሆነ አጣሩ። በዚያ ቀን ሳይረኑ ጮኸ። ኮምፎርት ውስጥ ሰው አልሞተም።

ይህን ስንናገር የሚመጣልንን መልስ እናውቀዋለን። «ሕዝቡን ያደናግራል፣ አጉል ሽብር ይፈጥራል» ይባላል። ባለሥልጣን ዘንድ ያልተለመደ ድምፅ ሁሉ ሽብር ነው። እስቲ እንደሚከተለው እናስብ። አንዲት የቡና ነጋዴ ሳይረኑን ስትሰማ ጀበናዋን አስቀምጣ «ውይ በሞትኩት! ምንድነው የሚጮኸው?» ትላለች። ደንበኛዋ የሆነ ተማሪ «እትዬ፣ ዛሬ ረቡዕ አይደል? ሙከራ ነው» ይላታል። በሁለተኛው ወር ራሷ ለሌላ ሰው ትነግራለች። በሦስተኛው ወር ሲኒዋን ማጠቧን አታቋርጥም። ድንጋጤው የሚያልቀው እንዲህ ነው፤ ባለመሞከር ግን ለአደጋው ቀን ይቀመጣል።

መሞከር ብቻውን በቂ እንዳልሆነም አይተናል። የሃዋይ ደሴቶች ሳይረን በየወሩ ይሞከራል። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 8 ቀን 2023 ላሃይና ከተማ በእሳት ስትነድ ግን አንዱም አልጮኸም። ኃላፊው ሲጠየቅ የሰጠው ምክንያት፣ ሰው ሳይረኑን ከባሕር ማዕበል ጋር ስለሚያያይዘው ወደ ተራራው፣ ማለትም ወደ እሳቱ ይሮጥ ነበር የሚል ነው። በማግስቱ ሥራውን ለቀቀ። ከ100 በላይ ሰው ሞቷል። የኃላፊው መልስ ብዙ ሰው አስቆጥቷል፤ እኛ ግን አንድ ቁም ነገር እናገኝበታለን። ሐዋሳም እንዲሁ ናት። ሳይረኑ «ሐይቁ መጣ» ማለት ከሆነ ወደ አላሙራ በኩል ነው የምንሸሸው። «እሳት ነው» ከሆነ ደግሞ እንደ ንፋሱ ነው። ስለዚህ ጩኸቱ «ሩጡ» ማለት የለበትም። «ቁሙ፣ ሬዲዮ ክፈቱ፣ ጎረቤት ጥሩ፣ የሚባለውን ስሙ» ማለት ብቻ ይሁን። ኤፍ ኤሙ ላይ ያለው ጋዜጠኛም በዚያች ደቂቃ የሚያነበው ጽሑፍ ቀድሞ ተዘጋጅቶ ጠረጴዛው ላይ መገኘት አለበት። ሙዚቃ እየተላለፈ ሳይረን የሚጮህባት ከተማ ሳይረን የላትም።

ቁልፉስ ማን እጅ ይሁን? እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2017 ዳላስ ከተማ ውስጥ አንድ ሰርጎ ገብ 156ቱንም ሳይረኖች እኩለ ሌሊት ሊሆን ሲል አስጩኾ ከተማውን ከእንቅልፉ ቀስቅሶታል። ዘዴው መጠበቅ አለበት፤ እንደኛ እንደኛ ግን የባሰው አደጋ ሌላ ነው። ቁልፉ የያዘው ሰው «ከበላይ አካል መመሪያ እየጠበቅን ነው» ብሎ እንዳይቀመጥ ነው። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ውኃ የበላይ አካል አይጠብቅም። ተረኛው ራሱ ወስኖ እንዲነፋ ሥልጣኑ በጽሑፍ ይሰጠው። ነፍቶ አደጋው ሳይደርስ ቢቀር እንደማይከሰስም ይጻፍለት። ጡሩምባ ነፊው በስህተት ቢነፋ መንደሩ ይስቃል፤ ከእድር አያባርረውም።

የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ በ2014 ዓ.ም. በዓለም ላይ ያለ ሰው ሁሉ እ.ኤ.አ. እስከ 2027 ማብቂያ በቅድመ ማስጠንቀቂያ እንዲጠበቅ የሚል ዕቅድ አስታውቀዋል። ኢትዮጵያ መጀመሪያ ከተመረጡት አገሮች አንዷ ናት። ስለዚህ አንድ ቀን አንድ ለጋሽ ድርጅት ሳይረን ይዞ ወደ ከተማችን መምጣቱ አይቀርም። ያን ጊዜ ከውሉ ላይ የምንፈልገው ስንት ምሰሶ እንደሆነ ብቻ አይደለም። የአምስት ዓመት የባትሪ ገንዘብ በከተማው በጀት ውስጥ በስሙ ይቀመጥ። ሁለት የከተማችን ልጆች ዕቃውን መፍታትና መግጠም ይማሩ፤ መለዋወጫውም የውጭ ምንዛሪ እስኪገኝ እንዳይጠበቅ አብሮ ይግባ። የየሙከራው ውጤት፣ የትኛው ጮኸ የትኛው ዝም አለ የሚለው፣ በየወሩ በኤፍ ኤም ይነገር። ዝም ያለ ሳይረን መኖሩን መስማት አያሳፍርም። ጀርመኖች እ.ኤ.አ. መስከረም 10 ቀን 2020 አገር አቀፍ ሙከራ ሲያደርጉ የስልኩ መልእክት ግማሽ ሰዓት ዘግይቶ ደረሰ፣ ብዙ ከተሞችም ሳይረናቸውን ከቀዝቃዛው ጦርነት በኋላ ነቅለውት ስለነበር ጸጥ አሉ። አሥር ወር ያህል ቆይቶ የአር ሸለቆ በጎርፍ ተመታ፤ ከ130 በላይ ሰው እዚያ ብቻ ሞተ። ሙከራው ነግሯቸው ነበር።

ቀኑን በተመለከተ የኛ ምርጫ በየወሩ የመጀመሪያው ረቡዕ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ነው። ሰኞና ሐሙስ ገበያ ነው፤ ገበያተኛው ከገጠር ስለሚመጣ ሳይነገረው ይደነግጣል። ዓርብ በዚያ ሰዓት ሰው ወደ ጁምዓ ሶላት ይሄዳል። ቅዳሜና እሑድ የሠርግ መኪና ጥሩምባ ስላለ ሳይረኑ ራሱ ላይሰማ ይችላል። ረቡዕ ተማሪው ክፍል ውስጥ ነው፤ አስተማሪው አንድ ደቂቃ ቆም ብሎ ምን እንደሆነ ሊነግረው ይችላል። ክረምት ላይ ትምህርት ቤት ዝግ ስለሆነ የሐምሌና የነሐሴውን እድሮች ይረከቡት፤ ለነሱ አዲስ ሥራ አይሆንባቸውም።